በጉና እጥፋት የታዩት ሰባቱ

ልጅ ሳለሁ ሰማይን የማየው ለሁለት ሰው ነበር፤ ለራሴና ለአያቴ። አያቴ መሪጌታ ነበሩ። የዘመን አቆጣጠርንና የከዋክብትን አካሄድ ሠላሳ ዓመት ካስተማሩ በኋላ ሞራ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ጋረዳቸው፤ እኔ ነፍስ ባወቅሁ ጊዜ ከብርሃን የቀረላቸው ፊታቸውን የሚነካው የእሳት ሙቀት ብቻ ነበር። ደቀ መዛሙርታቸው «የኔታ» ይሏቸው ስለ ነበር እኛም የልጅ ልጆቻቸው «የኔታ» አልናቸው። «አያቴ» ብዬ የጠራኋቸው ከሞቱ በኋላ ነው።

ቤታችን ከደብረ ታቦር የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፥ በጉና ግርጌ በሚገኝ ጎድጓዳ ስፍራ ነበር። እናቴ እኔን ስትወልድ ስለ ሞተች ያሳደገችኝ እኅቴ የሺ ናት፤ በሰባት ዓመት ብቻ ትበልጠኝ ነበር። አባቴ፥ ጣሊያን ደብረ ታቦር ገብቶ ምሽጉን በሠራ ሰሞን፥ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ጉና ወጣ። ስለ ጦርነቱ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ሰዎች ጽፈዋልና እኔ የምጽፈው ስለ እርሱ አይደለም። የምጽፈው ስለ ከዋክብትና አሥር ዓመት ሲሆነኝ ስለ ተናገርኋት አንዲት ቃል ነው።

ያኔ ምሽት በመጣ ቁጥር፥ እራት ከተበላ በኋላ፥ የሺ ፍሙን በአመድ ከማዳፈኗ በፊት የኔታ ቆሎ ያስመጡ ነበር። የሚበላ መስሎት እጁን የሚሰድ እንግዳ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ቆሎው ለሌላ ጉዳይ ነው። ገብሱን ከሽምብራው በጣታቸው ይለዩና በተቀመጡበት ጥቁር አጎዛ ጠጉር ላይ ሰማይን ይሠሩልን ነበር። ከምድጃው የሚወጣው ብርሃን በእህሉ ላይ ሲወድቅ ፍሬዎቹ የሚንቀጠቀጡ ይመስለኝ ነበር። እርሳቸው ግን ምንም የሚያዩት ሳይኖር፥ ጣቶቻቸው አንዲት ፍሬ እንኳ ሳያናጉ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ይሻገሩ ነበር።

«ጉባኤ» ያልሁት ቃሉ የእርሳቸው ስለሆነ ነው። ተረታቸው እንዲህ ነበር። ፈጣሪ ከዋክብትን በመጀመሪያ እንደ ዘር በትኗቸው፥ እያንዳንዱ ብቻውን በጨለማ ውስጥ ቆሞ ሳለ፥ አንድ ሽማግሌ ኮከብ ፍርሃቱን ለማስረሳት ማዜም ጀመረ። በአቅራቢያው የነበሩት ድምፁን ሰምተው መጡና ዙሪያውን ተቀመጡ፤ ይህ የመጀመሪያው ጉባኤ ሆነ። ከዚያ ወዲያ በሰማይ ዜማ በተሰማበት ሁሉ ጉባኤ ተተከለ። ሽምብራው መምህሩ ነው፥ ገብሱ ተማሪው ነው። ጉባኤዎች ተጎራብተው ደብር ይሆናሉ፥ ደብሮች ተጎራብተው አገር ይሆናሉ፤ በክረምት መውጫ ሰማዩን ለሁለት የሚከፍለው ነጩ ዱካም ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ትምህርት ፍለጋ የሚጓዙ ተማሪዎች በእግራቸው ያስነሡት አቧራ ነው።

በጉባኤዎቹ መካከል በሚቀረው የአጎዛው ጥቁር ቦታ ላይ ምን እንዳለ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ወስጄ ባዶው ላይ ባሳርፈው እንደ ፍም አቃጥሏቸው ይመስል ሰበሰቡት።

«ምንም» አሉ። «ዜማ የማይደርስበት ነው።»

ያችን «ምንም» የምትል ቃል እንዲያ አድርጎ የተናገረ ሰው ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም።

ከጉባኤዎቹ ሁሉ እኔ የምወደው የሰባቱን ነበር። ሰባት ተማሪዎች መምህራቸው ቁራሽ እንዲለምኑ ሲሰዷቸው፥ ሁሉም ሳይሰበሰቡ ማንም እንዳይቀምስ ተማማሉ። ስድስቱ አኮፋዳቸውን ሞልተው ተመለሱ፤ ሰባተኛውን የአንድ ቤት ውሻ አግዶ አስቀረው። ስድስቱ እስከ ዛሬ ተጠጋግተው ተቀምጠው ይጠብቁታል፥ እርሱም እስከ ዛሬ በመምጣት ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ቀና ብሎ ሲያይ የሚቆጥረው ስድስት ነው። እኔ ግን ሰባት እቆጥር ነበር። የኔታ ይህን በሰሙ ጊዜ በጣም ደስ አላቸው፤ በጎረቤትም ፊት ሳይቀር ዓይኔን አመሰገኑልኝ። እውነቱን ለመናገር፥ ከዚያ ወዲህ አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ የጀመርሁት በዚያ ምስጋና ነው። ኮከብ የቆጠረ ልጅ እጁ ኪንታሮት ያወጣል ይባል ነበርና የሺ ስታስፈራራኝ፥ የኔታ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳስሰው «ከወጣም በእኔ ላይ ይውጣ፤ ያስቆጠርሁ እኔ ነኝ» ይሉ ነበር።

ይህ ተረት ወደ ሥራ የተለወጠው በአባቴ ምክንያት ነው። በጉና ትከሻ ላይ፥ በሁለት ቋጥኞች መካከል፥ ከቤታችን ጀርባ ካለው ጉብታ ብቻ በግልጥ የሚታይ አንድ እጥፋት አለ። አባቴና ጓደኞቹ ስንቅ ሲያልቅባቸውና መንገዱ ሰላም ሲሆን፥ ልክ እንደ መሸ በዚያ እጥፋት ላይ ሰባት የኩበት እሳት በሰባቱ ኮከብ አቀማመጥ ያነዳሉ፤ ጥቂት አቆይተውም ያጠፉታል። እኔ ከጉብታው ላይ አይቼ እናገራለሁ። የሺ በመጀመሪያው የዶሮ ጩኸት አህያዋን ጭና፥ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ይዛ ከእጥፋቱ ሥር ወዳለው ዋሻ ትሄዳለች። እሳት ካልታየ መሄድ የለም፤ ወይ ቦታ ለውጠዋል፥ ወይ በዋሻው ባንዳ አድፍጧል ማለት ነው። እኅቴ የምትሄደውም የምትቀረውም በእኔ ዓይን ነበር።

የኔታ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቀው አስተምረውኝ ነበር። በተራራ ጫፍ ላይ የወጣ ኮከብ ከእሳት ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ሳልናገር በፊት በጣቶቼ አንጓ እየቆጠርሁ አርባ አንዱን እግዚኦታ ሰባት ጊዜ እንዳደርስ፥ ከዚያም ደግሜ እንዳይ አዘዙኝ። እሳት ከሆነ ባለበት ይቆያል፤ ኮከብ ከሆነ ከቋጥኙ ተላቆ ወደ ላይ ይሄዳል።

በጥቅምት ወር አንድ ማታ ጭጋግ ነበር። መጀመሪያ ምንም የለም አልሁ፤ ቆይቼ ያለ መሰለኝና ተመልሼ አለ አልሁ፤ የሺ አህያዋን ስትጭን ደግሞ ወጥቼ አይቼ የለም አልሁ። የሺ ሳቋ አልቆም አላት። «የኮከብ ጭቃ ሹም» ትለኝ ጀመር። በነጋታው ውኃ ስትቀዳ ለጓደኞቿ ነግራቸው፥ ባዩኝ ቁጥር ዛሬ ስንት ቃል አለህ ይሉኝ ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን በታገሥሁት። ግን እሳቱ በእርግጥ ነዶ ኖሮ፥ አባቴ ከሳምንት በኋላ በአንድ ገበሬ በኩል ላከብን። መልእክቱ ለእኔ ነበር፤ ጓደኞቹ ጦማቸውን እንዳደሩ ነገረኝና፥ ሁለተኛ ቃልህን እንዳታጥፍ አለኝ። በእኛ ቤት ቃሉን ያጠፈ ሰው ከሌባ አይሻልም ነበር። እኔም ቃል ማጠፍና ስሕተትን ማረም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የነገረኝ አልነበረም፤ ወይም ነግረውኝ አልሰማሁም። በዕድሜዬ ሙሉ ሰበብ የምሰጥበት ይህ ብቻ ነው፤ ሰበብ መሆኑንም አውቃለሁ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። በዚያ ቀን በአገራችን በየደጁ ቆሻሻው ተጠርጎ ይቃጠላል፤ በሽታ ይርቃል ተብሎ አገሩ በጢስ ይታጠናል። በዚያ ዓመት ሰው ሁሉ ያቃጠለው ከወትሮው በላይ ነበር፤ በሽታው ብቻ ሳይሆን ሌላም እንዲርቅ የሚመኝ ይመስል። ጢሱ በነፋስ እጦት ሸለቆው ላይ ተኝቶ ዋለ። እኔ ሲመሽ ወደ ጉብታው ወጣሁ፤ ዓይኔ ያለቅሳል፥ ጉሮሮዬ ይከረክረኛል። ጉና ጥቁር ግንብ ሆኖ ቆሟል። በእጥፋቱ ውስጥ፥ በሁለቱ ቋጥኞች መካከል፥ ሰባት ቀያይ ነጥቦች ተጠጋግተው አየሁ።

የሺ ከታች ከጓሮው በር ተጣራች። «ጭቃ ሹሙ! ምን አየህ?»

«ሰባት ናቸው» አልኋት።

እግዚኦታውን ሳላደርስ ተናገርሁ። ከተናገርሁ በኋላ ግን ትእዛዝ ነውና ማድረስ ጀመርሁ። በሦስተኛው አርባ አንድ ላይ ከሁሉ ታች ባለው ነጥብና በቋጥኙ መካከል ክር የምታህል ጨለማ ገባች። በአምስተኛው ጣት ታህል ነበር። በሰባተኛው ሰባቱም ከድንጋዩ ተላቀው፥ ቅላታቸውን ጥለው፥ ነጥተውና ቀዝቅዘው ከጉና በላይ ቆመው ነበር። አየኋቸው። አየኋቸው ብዬ የምጽፈው አንባቢ እንዳይጠራጠር ነው፤ ልጅ ነበርሁ እንጂ አልተሳሳትሁም።

ወደ ቤት ስገባ የሺ ጧፍ አብርታ፥ ግንባሯ በበሶ ዱቄት ነጥቶ፥ ስልቻውን እየጠቀጠቀች ነበር። የኔታ በፍሙ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«እህስ፥» አለች ቀና ብላ፥ «ዛሬ ስንት ቃል አለህ? ሁለት ነው ሦስት?»

«ተይው እንጂ፥ አንቺ ልጅ፤» አሏት የኔታ። ከዚያም ፊታቸውን ድምፄ ወዳለበት መለሱ። «ልጄ፥ ቃልህ ያው ነው?»

«ያው ነው፥ የኔታ።»

«እግዚኦታውን አድርሰሃል?»

«አድርሻለሁ።»

ይህ እውነት ነበር፤ አድርሼ ነበር። የቀረውን አልጠየቁኝም፥ ያመኑትን ሰው ሁለት ጊዜ አይጠይቁምና። የሺ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ራሴን ዳበሰችና፥ እንግዲህስ ሰው ሆነሃል፥ ሹመቱ ጸንቶልሃል አለችኝ። ያን ማታ የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ። ኩራትም ነበረበት።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ዶሮ ሲጮህ ተነሣች፤ ጋቢዋን ደርባልኝ ጎንበስ ብላ፥ እስክመለስ ፍሙ እንዳይጠፋ ጠብቀው አለችኝ። የተኛሁ መስዬ ዓይኔን እንደ ጨፈንሁ ቀረሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። የአህያዋ ኮቴ በጓሮው ድንጋይ ላይ ሲሄድ፥ ከዚያ በሣሩ ላይ ሲሰወር ሰማሁ። ተነሥቼ ፍሙን በአመድ አዳፈንሁ። ታዘዝሁ እንግዲህ፤ ፍሙ አልጠፋም።

ጀምበር ልትወጣ ስትል ከእጥፋቱ በኩል ሁለት ጥይት ተሰማ። የኔታ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ድምፁ ተራራውን ዞሮ እስኪሞት ጠበቁና በዝግታ ጠሩኝ፤ ትናንት ሰባቱን ያየሁት ጀምበር ከጠለቀች ምን ያህል ቆይቶ እንደ ነበር ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። በጣቶቻቸው አንጓ መቁጠር ጀመሩ፤ ወሩን፥ ቀኑን፥ ሰዓቱን። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ኅዳር ዐሥራ ሁለት፤» አሉ። «በዚህ ሰሞን በመሸ ጊዜ ሰባቱ ራሳቸው በጉና ላይ ይወጣሉ። ሠላሳ ዓመት አስተምሬው…»

አልጨረሱትም። በሩን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

የአካባቢው ገበሬዎች የሺን በማግሥቱ በቃሬዛ አወረዷት። ባንዶቹ በዋሻው ሦስት ቀን አድፍጠው ኖረዋል፤ የአባቴ ቡድን አስቀድሞ ወደ ጉና ማዶ ተሻግሮ ነበር። በቀብሯ ላይ፥ ካህናቱ ጸሎቱን ሲፈጽሙ፥ የኔታ እጃቸውን አነሡና ሕዝቡን ዝም አሰኙ። ልጂቱን የገደልኋት እኔ ነኝ አሉ፤ ልጁ ያየውን ተናገረ፥ እኔ ግን ዘመኑን የማውቅ መምህር ሆኜ የከዋክብቱን መውጫ ረሳሁ፤ ያስቆጠርሁ እኔ ነኝ። ይህን ሲሉ እኔ የበትራቸውን ጫፍ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሕዝቡ እኔን በርኅራኄ ያይ ነበር። ዝም አልሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በየዓመቱ እየከበደ ሄደ። ጣሊያን ለቆ ሲወጣ አባቴ ጠጉሩ ወገቡ ደርሶ ተመለሰ። የኔታ እርሱንም ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁትና ያንኑ ቃል ነገሩት። አባቴ የአባቱን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ከግማሽ ተመልሶ ቀና አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ፥ በአንድ መሶብ ሳይቀርቡ፥ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ሁለት ዓመት ተቀመጡ። እኔ በመካከላቸው እንጀራ አመላልስ ነበር። አንድ ማታ ለአባቴ ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ ቀና ብሎ አየኝና በዚህ ቤት እንኳ ቃሉን የሚጠብቅ አንተ ብቻ ቀረህልኝ አለኝ። አፌን ዘጋሁ።

የኔታ ሊሞቱ ጥቂት ሲቀራቸው፥ ምናልባት ልቤ ይከፈታል ብዬ፥ ቆሎውን ይዤ ቀረብሁና ተረቱን እንደ ድሮው ይንገሩኝ ብዬ ለመንኋቸው። እህሉን ተቀበሉኝ። ገብሱን ከሽምብራው አልለዩትም። በአጎዛው ላይ አፈሰሱት፤ ከዚያም በመዳፋቸው ቀስ እያሉ በታተኑት፥ አንዱ ፍሬ ሌላውን እስከማይነካ ድረስ። ሲጨርሱ በጣታቸው ጫፍ እያንዳንዱን ነኩና ብቻውን መሆኑን አረጋገጡ። እኔ ዝም ማለቴን ያውቁ ኖረዋል? ሰባት ጊዜ ያደረሰ ልጅ ኮከቡ ሲሄድ ሳያይ አይቀርም ብለው ሳያስቡ ቀርተዋል? እርሳቸውን የሚያህል ሰው? ይህን ጥያቄ ሰባ ዓመት ያህል ተሸክሜዋለሁ።

እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተማርሁ። የሳይንስ መምህራችን አንድ ቀን ስለ ከዋክብት ሲያስተምሩን እኔ ብቻ እጄን ሳላወጣ ተቀመጥሁ። ሰዎች በሰማይ ላይ መስመር እያሰመሩ ሥዕል የሰጧቸው ኮከቦች አብዛኞቹ ጎረቤት አይደሉም አሉን፤ አንዱ ቅርብ፥ አንዱ እጅግ ሩቅ ሆኖ ሳለ ለዓይናችን ብቻ ጎን ለጎን ይመስላሉ። ሰባቱ ግን በእርግጥ ወንድማማቾች ናቸው፥ ከአንድ ደመና በአንድ ዘመን ተወልደው አብረው የሚጓዙ። የኔታ ያኔ በጨለማ ሆነው የዳሰሱት እውነት ነበር። በኋላ በራሴ ንባብ እንደ ተረዳሁት፥ ከዋክብት ረጨት በሚባል ታላቅ ጉባኤ ይሰበሰባሉ፤ ረጨቶች ይጎራበታሉ፤ ጎረቤታሞቹም እንደ ሸረሪት ድር በቀጫጭን ክሮች ተያይዘው ይዘረጋሉ። ሊቃውንቱ የሳሉትን ሥዕል ባየሁ ጊዜ አጎዛውን አወቅሁት። ከሥዕሉ የሚበዛው ግን ክሩ አይደለም፤ በክሮቹ መካከል ያለው ባዶ ነው። ከዚያም አንድ ነገር አነበብሁ። ሰባቱም ቀስ በቀስ እየተለያዩ ናቸው፤ ዘመኑ ሲደርስ ጉባኤያቸው ይበተናል፥ እያንዳንዱም ብቻውን ይሄዳል። ይህን የኔታ ሳያነቡ በመዳፋቸው ሠርተውታል።

አሁን በዕድሜ ከእርሳቸው በልጫለሁ። ወገቤ አልጎበጠም፤ ሰዎች ስለ ቀጥተኛነቴ ያከብሩኛል፥ በሽምግልናም ይጠሩኛል፥ ይህ ሰው ቃሉን አያጥፍም ይላሉ። ሲሉኝ ቀና እንዳልሁ እቀመጣለሁ። ሞራው ግን ወደ እኔም መጥቷል፤ የቀኝ ዓይኔ ከጨረቃ በቀር የሚያየው የለም።

ባለፈው ኅዳር ሚካኤል ወደ ድሮው ጉብታ ወጣሁ። ቤቱ የለም፤ ምድጃው ከነበረበት ሦስት ድንጋይ ቀርቷል። አገሩ እንደ ወትሮው ታጥኗል። ሲመሽ በእጥፋቱ ላይ አንድ ቀይ ነገር መሰለኝ፤ ስድስት ይሁን ሰባት፥ እሳት ይሁን ኮከብ መለየት አልቻልሁም። እንደ ታዘዝሁት በጣቶቼ አንጓ ሰባት ጊዜ አደረስሁ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ፥ ወደ ታች፥ የጓሮው በር ወደ ነበረበት ዞሬ ተናገርሁ።

«የሺ፥ አትሂጂ። የኔታ፥ ከድንጋዩ ተላቀዋል፤ እሳት አይደሉም። ቃሌን አጥፌያለሁ።»

መልስ ጠበቅሁ። የመጣልኝ ያኔ የኔታ ከአጎዛው ላይ እጃቸውን የሰበሰቡበት፥ ዜማ የማይደርስበት ነገር ነበር።